ድሬ ላይ ደህና ሆቴል በቅናሽ እንዴት ይያዛል?

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ከአዲስ አበባ የሚደወልለትን ይህን ስልክ በደንብ ያውቀዋል። «እስቲ አንድ ደህና ሆቴል ፈልግልኝ። ዋና ይኑረው፣ ኤሲ ይኑረው፣ ንጹሕ ይሁን። ግን ኪሴን እንዳይጎዳው።» ደዋዩ ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት አፕ ከፍቶ ሲያማርጥ አምሽቷል። ያገኘው ዋጋ አላማረውም። ስለዚህ ዘመድ ወደ መጥራት ገባ።

እውነት ለመናገር ድሬ ላይ ቅናሽ አፕ ውስጥ ብዙም አይገኝም። የሚገኘው ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው፤ የቀረው ደግሞ ደውሎ በመነጋገር ይመጣል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ለመካከለኛ ሆቴል ባሰበው ብር ከፍ ያለውን ሊይዝ ይችላል።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሙቀት ቅንጦት ማለት ሌሊት መብራት ሲጠፋ የማይቆም ኤሲ ነው። ለእሱ ሳትሰስቱ ክፈሉ። በቀረው ሁሉ ተከራከሩ።

1. መጀመሪያ ቀን ምረጡ

«ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ።

ትልቁ ጉዳይ ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል። በተለይ በታኅሣሡ የአዲስ አበባ ግማሹ ወደዚህ የወረደ ነው የሚመስለው። ድሬ ወይም ሐረር አድሮ በመኪና ወደ ቁልቢ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ሰሞን ቅናሽ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ለንግሡ የምትመጡ ከሆነ ሁለት ወር ቀድማችሁ ያዙ፣ ቀብድ ክፈሉ፣ የቅናሹን ነገር ተዉት።

ለሽርሽር ከሆነ ግን አንድ ብልሃት አለ። ንግሡ ባለፈ በማግሥቱና በሠልስቱ ያ ሁሉ ሰው ተጠራርጎ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ከተማዋ ትንሽ ትተነፍሳለች። አየሩም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደስ የሚል ነው፤ ማታ ማታ ሹራብ የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ አይጠፋም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዓመቱ ምርጥ ሳምንት ይህ ነው።

ሁለተኛው የስብሰባ ጉዳይ ነው። የድሬ ትልልቅ ሆቴሎች ከቱሪስት ይልቅ በስልጠናና በወርክሾፕ ነው የሚኖሩት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልተነካ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ስብሰባ ይጠራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አዳራሹም ክፍሉም ይያዛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብሳቢው አበሉን ይዞ ወደ ቤቱ። ቅዳሜና እሁድ ያው ሆቴል ጭር ይላል። እነዚህ ወሮች ሙቀቱ የሚበረታባቸው ናቸው፤ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ለመዝናናት የሚመጣውም ሰው ይቀንሳል። ሙቀት የማይፈራ፣ ቀኑን ዋና ውስጥ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው የሰኔ ቅዳሜና እሁድን ይሞክር። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ክፍል ታቅፎ ከሚያድር ዋጋ ቢቀንስ ይሻለዋል።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ምረቃ ሲኖር የተመራቂ ቤተሰብ ከየክልሉ ይመጣል፤ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዒድ አል ፈጥር አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሐረር ላይ ሸዋሊድ ይከበራል። በዓሉ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ስሙ ሩቅ ደርሷል። ሐረር ክፍል ሲጠፋ እንግዳው ወደ ድሬ ይወርዳል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ክፍል ብታገኙም ከአዳራሹ በላይ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ከሙሽሮቹ ጋር ትጨፍራላችሁ፣ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ።

2. የምትከፍሉበትን ነገር ለዩ

ወረቀት አውጡና የግድ የምትፈልጉትን ጻፉ። ከአራት ነገር በላይ ከሆነ የግድ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ኤሲ ሲጠየቅ «አለን» የማይል ሆቴል የለም። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተራችሁ ኤሲውን ያስነሳል ወይስ አምፖሉን ብቻ?» በዚህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይለያል። አንዳንድ ቦታ ጄኔሬተሩ ለሎቢው፣ ለማእድ ቤቱና ለኮሪደሩ መብራት ነው። ክፍላችሁ ውስጥ አምፖል በርቶ በላብ ትጠመቃላችሁ። መልሱ «አምፖሉን ብቻ» ከሆነ ሆቴሉ ምንም ያህል ቢያምር የባለ ኮከብ ዋጋ አትክፈሉ። ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ሆነላችሁ።

ቀጥሎ የክፍሉ አቀማመጥ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ላይኛውን ፎቅ ይመርጣል፤ እይታ አለው፣ ጸጥ ይላል። ድሬ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ሌሊቱን ወደ እናንተ ይተፋዋል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ምድጃ ነው። መሐል ፎቅ፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ጠይቁ። «ከፍ ያለ ፎቅ ላይ እይታ ያለው» ብለው ጭማሪ ሲጠይቋችሁ በትሕትና እንቢ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ክፍል ርካሹ ነው። ከጄኔሬተሩ ጎን አለመሆኑንም አረጋግጡ። ሆቴሉ የምሽት ክለብ ካለውም እንዲሁ።

ውኃ። የድሬ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ያበጃል። የሻወሩንም ቀዳዳ ይደፍናል። የአስተያየት ፎቶዎች ላይ ሻወሩን ተመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ያንጠለጠለ ሻወር ጥገና የሚረሳ ሆቴል ምልክት ነው። ሻወሩን የረሳ የኤሲውንም ማጣሪያ ረስቶታል።

ትንኝ ላይ አትቀልዱ። ድሬ ቆላ ናት። ወባ አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉኒያ ከተማዋን አንገላተዋት ነበር። የዴንጊዋ ትንኝ ቀን ቀን ነው የምትነድፈው። ስለዚህ መስኮቱ ወንፊት አለው ወይ? አልጋው አጎበር አለው ወይ? ገንዳ ዙሪያ የተኛ ውኃ አለ ወይ? በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትያዙ።

ከዚህ ውጪ ያለው ድርድር ውስጥ የሚገባ ነው። ጂም፣ ሳውና፣ ስቲም... ለመሆኑ ድሬ ላይ ሳውና ማን ይገባል? ውጪው ምን ሆነና። ዋና ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ አንዳንድ ሆቴል ክፍል ላልያዘም በቀን ክፍያ ያስገባል። መካከለኛ ግን ንጹሕ ሆቴል አድሮ፣ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ሆቴል ገብቶ መዋኘት ብዙ ብር ያተርፋል።

ቦታን በተመለከተ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው፣ ማታ በእግር ይወጣል። ወደ ቀፊራ ገበያና ወደ አሮጌው ሰፈር ወደ መጋላ በባጃጅ ቶሎ ይደረሳል። ከከተማ ወጣ ያለ ሆቴል ርካሽ ከሆነ የባጃጁን ደርሶ መልስ ጨምሩበት።

3. ኢንተርኔት ላይ ያለውን ዋጋ አንብቡት፣ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ

ቡኪንግ ዶት ኮምን፣ አጎዳን፣ ጎግል ማፕን ክፈቱ። ሦስት ሆቴል ለዩ። ከሦስት በላይ አታድርጉት፤ ምርጫ ሲበዛ ሰው ይሰለችና በመጨረሻ ያየውን ይይዛል። የየሆቴሉን ዋጋ ጻፉት። ይህ ጣሪያችሁ ነው።

ለምን ጣሪያ አልኩት? እነዚህ ድረ ገጾች ከሆቴሉ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ሆቴሉ ከ5,000 ብር ላይ 750 ብሩን ለሌላ ይሰጣል ማለት ነው። በቀጥታ ብትደውሉ ያ ብር መሐል ላይ ቁጭ ይላል። ተካፈሉት።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ዋጋቸውን በዶላር ነው የሚለጥፉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ያ ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር ከፍ ዝቅ ይላል። ሆቴሉ ለአገር ውስጥ እንግዳ የሚሰጠው የብር ዋጋ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። እሱ አፑ ላይ አይታይም፤ ተደውሎ ይጠየቃል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ዳያስፖራም ካርዱን ጠቅሶ የአገር ውስጥ ዋጋ ይጠይቅ። እየተቅለሰለሰ አይደለም፣ ቀና ብሎ።

አስተያየት ስታነቡ የዘንድሮውን ብቻ። ከሦስት ዓመት በፊት «እጅግ ግሩም» የተባለ ሆቴል ዛሬ ባለቤቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ኮከቡንም ቢሆን ጠይቁ፤ መቼ ነው የተሰጠው? ማን ሰጠው? በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ጀምሮ ነበር። ታፔላ ላይ ያለ ኮከብ ሁሉ ግን ከዚያ የመጣ አይደለም።

ቀን ስትሞሉ ጥንቃቄ አድርጉ። ድረ ገጹ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለው መዝገብ በኢትዮጵያ። «በ19» ብሎ ይዞ በሌላ 19 የመጣ እንግዳ ያጋጥማል። ሁለቱንም በሉ፦ «ታኅሣሥ 24፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 2»። ሰዓቱም እንዲሁ። «በ2 ሰዓት እገባለሁ» ስትሉ የጠዋቱ ይሁን የከሰዓቱ ይለይ።

4. ስልክ ደውሉ፣ ግን ሰዓቱን እወቁ

ድሬ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ታንቀላፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ጎዳናው ባዶ ይሆናል። ሽርጡን ታጥቆ ቤቱ ያረፈ ሰው አለ፣ በርጫ ላይ የተቀመጠ አለ። በዚያ ሰዓት ሆቴል ብትደውሉ የሚያነሳው ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን የሌለው ልጅ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ደውሉ። ወይም አመሻሽ ላይ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሲነቃ።

ሪሴፕሽኑን አትከራከሩ። ሽያጭ ክፍሉን ወይም ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። እነሱ ናቸው ዋጋ የሚነኩት። አንድ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይዘወተርም። ስልክ ያነሳችው ልጅ «አንተ» ብትላችሁ ንቀት አይደለም፤ ወገን አደረገቻችሁ ማለት ነው። እናንተም ዘና በሉ። ነገሩ የሚሄደው በጨዋታ ነው።

ወሬው እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«ሃሎ፣ ሽያጭ ክፍል ነው? እንደምን አደርሽ እህቴ። ዓርብ ገብቼ ሰኞ የምወጣ ነኝ። ሦስት ሌሊት ነው፣ ለሁለት ሰው።»

«እንኳን ደህና መጣህ። ክፍል አለ።»

«ኢንተርኔት ላይ ዋጋችሁን አይቻለሁ። በእሱ በኩል ከያዝኩ ኮሚሽን ትከፍላላችሁ። በቀጥታ ከናንተ ጋር ልጨርስ ነው። የመጨረሻ ዋጋሽ ስንት ነው?»

«ለሦስት ሌሊት ትንሽ እናይልሃለን። አምስት ፐርሰንት...»

«አምስትማ ለአንድ ሌሊት እንግዳም ትሰጫለሽ። ዛሬውኑ በቴሌብር የአንድ ሌሊት ቀብድ ልላክ። አሥራ አምስት አድርጊልኝ።»

«አሥራ አምስት ከበደ። አሥር።»

«እሺ አሥሩን ተቀበልኩ። ግን ከስታንዳርድ ወደ ዴሉክስ አሳድጊኝ፣ ከኤርፖርትም ተቀበሉን። ቁርስ ለሁለታችንም ይግባበት።»

መጨረሻ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው ዋናው። ሥራ አስኪያጅ ዋጋ መቁረጥ አይወድም፤ ሪፖርቱ ላይ ይታይበታል። ባዶ የሚያድር ዴሉክስ ክፍል መስጠት ግን ብዙ አያስወጣውም። ከኤርፖርት መቀበልም እንዲሁ፣ መኪናው ቆሟል። ስለዚህ ብሩ አልቀንስ ሲል ወደ አገልግሎቱ ዙሩ። ትልቅ ክፍል፣ ማለዳ መግባት፣ እሁድ እስከ ከሰዓት መቆየት፣ አንድ እራት። ከአዲስ አበባ በጠዋቱ በረራ የሚመጣ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ቁርስ ሳይበላ ይደርሳል። የመግቢያ ሰዓት ደግሞ ብዙ ቦታ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ያንን ሁሉ ሰዓት ሎቢ ላይ ከማላብ ማለዳ መግባትን አስቀድሞ መደራደር ይሻላል። በባቡር የምትመጡም መቀበያ መኪና ጠይቁ። አዲሱ የባቡር ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሃር መሐል ከተማ አይደለም፣ ወጣ ይላል።

በምላሹ የምትሰጡት ይኑራችሁ። ባዶ እጅ ይዞ «ቀንሱልኝ» ማለት ልመና ነው። ሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ፣ ሦስት ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ፣ ወዲያው የሚከፈል ቀብድ፣ ወይም «ቀኑን በአንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ማድረግ እችላለሁ» ማለት ይሠራል። መሥሪያ ቤታችሁ ከሆቴሉ ጋር የድርጅት ውል ካለው ደግሞ ጠይቁ፤ ለግል ጉዞም አንዳንዴ ያንኑ ዋጋ ይሰጣሉ። መታወቂያችሁን ብቻ ያዙ።

ድሬ ላይ ሠርግ የምትደግሱ ካላችሁ፣ አዳራሹን የምትከራዩበት ቀን ትልቁ የድርድር ቀናችሁ ነው። የሙሽሮቹን ክፍል፣ ከሩቅ የሚመጡትን ሚዜዎችና ቤተ ዘመድ አልጋ ሁሉ በዚያው ውል ውስጥ አስገቡት። አዳራሹን ፈርማችሁ በኋላ ስለ ክፍል ብትጠይቁ አቅማችሁ አልቋል።

5. ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሥሩ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የሚነገራችሁ ዋጋ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ሰርቪስ ቻርጅ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ። ታክሱ ሰርቪስ ቻርጁ ከተጨመረ በኋላ ሲሰላ ሁለቱ ተደምረው 26.5 በመቶ ይሆናሉ። «ፕላስ ፕላስ» የሚሉት ይህን ነው።

እንበል አንዱ ሆቴል 5,000 ብር አላችሁ፣ ፕላስ ፕላስ፣ ያለ ቁርስ። ሌላው 6,800 አላችሁ፣ ሁሉ ገብቶበት፣ ከሁለት ሰው ቁርስ ጋር። ዐይን ወደ 5,000ው ይሮጣል። አሁን አስሉት። 5,000 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 5,500። በዚያ ላይ 15 በመቶ፣ 6,325። ቁርስ ለአንድ ሰው 600 ቢሆን ለሁለት 1,200። ድምሩ 7,525 ብር ሆነ። ውድ የመሰለው በሌሊት 725 ብር ይረክሳል። በሦስት ሌሊት 2,175 ብር።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «ታክሱም ሰርቪሱም ቁርሱም ገብቶ፣ ለሁለት ሰው፣ ስንት?» ልጅ ካለ የልጁን አልጋም ጨምሩ።

ስለ ቁርስ ትንሽ ልውጣ። የሆቴሉ ቡፌ እንቁላል፣ ዳቦና ፍርፍር ከሆነ ቁርሱን አስቀንሱና ብሩን ያዙ። ጠዋት ከዚራ ወይም መጋላ ወጥቶ ትኩስ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ፉል፣ ሻሂ በወተት መብላት ለአንድ ድሬ ለመጣ ሰው ከቡፌ ይበልጣል። ዋጋውም አይገናኝም። የሆቴል ቁርስ የምመክረው ትንንሽ ልጆች ላሏቸውና ጠዋት በረራ ለሚይዙ ብቻ ነው።

6. ሐረርን ለድርድርም ለማረፍም ተጠቀሙባት

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ያ ከፍታ ልዩነት ለኪስ ምን ማለት ነው? ሐረር ላይ ኤሲ አያስፈልግም። ኤሲ የሌለው ደህና ክፍል ድሬ ላይ ቅጣት ነው፤ ሐረር ላይ ግን መስኮት ከፍቶ ብርድ ልብስ መደረብ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ብር ሐረር ላይ ሰፋ ያለ ክፍል ሊገኝ ይችላል።

በሙቀቱ ወራት የምትመጡ ከሆነ ይህን አስቡት። ሁለት ሌሊት ሐረር፣ አንድ ሌሊት ድሬ። በመጀመሪያ ቀን በቀጥታ ወደ ላይ ውጡ፤ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ጀጎልን በጠዋትና በማታ እዩ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ተመልከቱ። የመጨረሻዋን ሌሊት ለድሬና ለዋና አስቀሩ። ብራችሁን ለሦስት ሌሊት ከምትበታትኑት ለዚያች አንዲት ሌሊት ጥሩውን ክፍል ያዙባት።

ዘመናዊዎቹ ሆቴሎች ከግንቡ ውጪ ናቸው። ጀጎል ውስጥ የምታገኙት በባህላዊ የሐረሪ ቤት የተዘጋጀ ማረፊያ ነው፤ ባለ ብዙ ደረጃ መደቡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሙዳይና ሳህን። ምቾቱ ከሆቴል ያንሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አድሮ መንቃትን ስንት ኮከብ ትሰጡታላችሁ?

ሐረር ላይ ከሁሉ በፊት ስለ ውኃ ጠይቁ። የቆየ ራስ ምታታቸው ነው። «ሮቶ አላችሁ? ለስንት ቀን ይበቃል? ሙቅ ውኃ ሙሉ ቀን ነው ወይስ በሰዓት?»

በነገራችን ላይ፣ ድሬ ያለው ሆቴል እንቢ ሲል «እሺ፣ ሐረር ወጥተን እናድራለን» ማለት ውሸት አይደለም። ይሰማል።

7. ቀብድ

ስምምነቱን በጽሑፍ አስላኩ። አጭር መልእክት ወይም ቴሌግራም ይበቃል፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የክፍሉ ዓይነት፣ ዋጋው፣ የገባው ነገር ሁሉ። ብሩን የምትልኩት በሆቴሉ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው። «ለጊዜው በእኔ ቁጥር ላክልኝ» ሲባል ተዉት፣ ልጁ ምንም ያህል ቅን ቢመስል። ቴሌግራም ላይ ሆቴል ነን የሚሉ ገጾችንም ቁጥራቸውን ጎግል ማፕ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ብትቀሩ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? ይህን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።

8. ስትደርሱ

ሳትይዙ የምትመጡ ካላችሁ ባጃጅ ነጂ «ጥሩ ሆቴል አውቃለሁ» ሲላችሁ ሆቴሉ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑ ግን ከእናንተ ዋጋ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከሆቴሉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ውረዱና በእግራችሁ ግቡ።

መታወቂያ ከመስጠታችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። ኤሲውን በጣም ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ አስነሱት። ሻወሩን ክፈቱ፣ መጸዳጃውን ልቀቁ፣ ወንፊቱን ዳስሱ። ስትጨርሱ ክፍሉ መቀዝቀዝ መጀመር አለበት። ካልጀመረ «ቆይቶ ይቀዘቅዛል» የሚለውን አትቀበሉ፤ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ሻንጣው ተፈትቶ፣ ልጆቹ አልጋው ላይ እየዘለሉ ክፍል ማስቀየር አይቻልም። ቃል የተገባላችሁ ነገር ከጎደለ መልእክቱን አሳዩ እንጂ አትጩኹ። ድሬ ላይ የሚጮህ ሰው የሚያገኘው ሻይ ነው፣ ቅናሽ አይደለም።

ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ማታ ሒሳባችሁን አስወጥታችሁ አንብቡ። ጠዋት አውሮፕላን እየረፈደባችሁ የሚነበብ አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ውኃና ለስላሳ፣ የልብስ እጥበቱ፣ ያልበላችሁት ቁርስ የሚደበቁት እዚያ ነው። በደረሰኝ ክፈሉ። ዋጋውን ያስተካከለላችሁን ሰው ስልክ ወስዳችሁ «የሰጠኸኝ ክፍል ደስ ብሎኛል» ብላችሁ ጻፉለት፤ ለሚመጣው ጊዜ ሪሴፕሽኑን ሳታልፉ በቀጥታ ለእሱ ትደውላላችሁ።